ዶሜይኑ የማን ነው? ችግርና መፍትሄ

«ይሄ ዶሜይን (የዌብሳይት አድራሻ ስም) የማን እንደሆነ አጣራልኝ» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰኛል። የሚገርመው፣ ከጠያቂዎቹ ብዙዎቹ የሰው ዶሜይን አይደለም የሚፈልጉት። የገዛ ራሳቸውን ነው። እሱ ጋ ስንደርስ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እንለፈው።

ሁዊዝን፣ ዶሜይን በማን ስም እንደተመዘገበ የሚያሳየውን መፈለጊያ፣ ታውቃላችሁ፣ ስሙን አስገብታችሁ ውጤቱንም አይታችኋል ብዬ ነው የምነሳው። ፍለጋውን ግን የዓለምን የዶሜይን ስሞች ሥርዓት የሚያስተባብረው አይካን ራሱ ባዘጋጀው ገጽ ላይ አድርጉት። በማስታወቂያ የታጨቁት ገጾች ከወራት በፊት የቀዱትን መረጃ የዛሬ አስመስለው ያቀርባሉ። በዚህ የተነሳ ዶሜይኑን ቀድሞ ከሸጠ ሰው ጋር ሳምንት ሙሉ ሲደራደር የከረመ አውቃለሁ።

«አልተገኘም» ይላል፣ ዌብሳይቱ ግን ይከፈታል

አብዛኛውን ጊዜ ሙሉውን አድራሻ እንዳለ ስለለጠፋችሁት ነው። የሚፈለገው ዋናው ስምና ቅጥያው (እንደ ዶት ኮም ያለው መጨረሻው) ብቻ ነው። ከፊቱም ከኋላውም ያለው ይውጣ። አሁንም ካልመጣ ቅጥያውን እዩት። ባለ ሁለት ፊደል የአገር ኮድ ከሆነ የራሱ መዝገብና የራሱ ደንብ አለው፤ ማን እንደሚያስተዳድረው የቅጥያዎችን መዝገብ በሚይዘው በአያና ዝርዝር ላይ ታገኛላችሁ። ነጻ ዌብሳይት መሥሪያ ላይ የተከፈተ ገጽ ከሆነ ደግሞ ዶሜይኑ የመድረኩ ነው። ባለገጹ ተከራይ ስለሆነ ስሙ እዚያ አይወጣም።

ሰምተነው የማናውቅ ኩባንያ ወጣ

ውጤቱ ላይ ሦስት ወገኖች አሉ። ሬጂስትሪ ቅጥያውን ያስተዳድራል፤ የዶት ኮም ለምሳሌ ቬሪሳይን ነው። ሬጂስትራር ዶሜይኑን የመዘገበው ሻጭ ነው። ሬጂስትራንት ባለቤቱ ነው። ሰው የሬጂስትራሩን ስም ያነብና «ተገኘ!» ብሎ ይደውልልኛል። መኪና የሸጠውን ድርጅት ባለመኪና እንደማለት ነው። ኔም ሰርቨሩም (ስሙን ዌብሳይቱ ወዳለበት ኮምፒውተር የሚመራው) ቢሆን ባለቤቱን አይነግራችሁም። ክላውድፍሌር የሚል የኢንተርኔት አገልግሎት ኩባንያ ስም ካያችሁ ሰውዬው አገልግሎታቸውን ይጠቀማል ማለት ነው፣ በቃ።

በስሙ ቦታ «ሪዳክትድ ፎር ፕራይቬሲ» ይላል

«ለግላዊነት ሲባል ተሸፍኗል» ማለት ነው፤ ብልሽት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ሕግ ጂዲፒአር እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2018 ሥራ ላይ ዋለ። ከዚያ በፊት ስም፣ ስልክ፣ የቤት አድራሻ ሳይቀር ለማንም ይታይ ነበር። አሁን ሬጂስትራሮች ይሸፍኑታል። ገንዘብ ተከፍሎበት በወኪል ስም የተመዘገበም አለ፤ ውጤቱ ያው ነው።

በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 28 ቀን 2025 ወዲህ እንደ ዶት ኮም ያሉት ቅጥያዎች አሮጌውን ሁዊዝ የማቅረብ ግዴታ የለባቸውም። የተተካው አርዳፕ በሚባለው አዲስ የመፈለጊያ ሥርዓት ነው። ተርሚናል (የኮምፒውተሩ ትእዛዝ መጻፊያ መስኮት) ላይ የድሮውን ትእዛዝ ጽፋችሁ ባዶ ቢመጣ ኮምፒውተራችሁን አትውቀሱ።

ታዲያ ምን ይደረግ? መጀመሪያ «ድርጅት» የሚለውንና አገሩን የሚያሳየውን መስመር እዩ፤ አንዳንዴ ሳይሸፈኑ ይቀራሉ። ከዚያ ሬጂስትራሩ ለባለቤቱ መልእክት የሚያደርስ ፎርም ወይም ተለዋጭ ኢሜይል አለው፣ በእሱ ጻፉ። አጭር ይሁን። ዶሜይኑን ለመግዛት ከሆነ «በጣም እንፈልገዋለን» አትበሉ፤ ዋጋው በዚያው ቅጽበት ይወጣል። የዌብሳይቶችን የቆየ ገጽታ በሚያስቀምጠው ዌይባክ ማሽን ላይ የድሮውን «ያግኙን» ገጽ ማየትም ይጠቅማል፤ ዛሬ የተደበቀው ሰው ያኔ ስልኩን በትልቁ ጽፎት ሊሆን ይችላል። የተመዘገበ የንግድ ምልክታችሁን ይዞ የሚያጭበረብር ከሆነ ዩዲአርፒ የሚባል የአቤቱታ መንገድ አለ። አቤቱታው ሲገባ ሬጂስትራሩ የተሸፈነውን ስም ጉዳዩን ለያዘው አካል ይሰጣል።

ዶሜይኑ «የኛ» ነው፣ ግን አይታዘዘንም

መጣን። ይሄ ነው የሰለቸኝ።

ምልክቱ እንዲህ ነው። ድርጅቱ ሆስቲንግ (ዌብሳይቱ የሚቀመጥበትን አገልግሎት) መቀየር ወይም ኢሜይል መክፈት ይፈልጋል። የዶሜይኑ አካውንት የት እንዳለ ይጠየቃል። ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። ከዚያ አንዱ «ልጁ ነው የሚያውቀው» ይላል። ልጁ ማለት ዌብሳይቱን የሠራው ነው። ስልኩ አይነሳም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሠሪው ዶሜይኑን በራሱ አካውንት፣ በራሱ ስምና ኢሜይል መዘገበው። አብዛኛውን ጊዜ ተንኮል የለበትም፤ ለመፍጠን ነው። ግን ሬጂስትራሩ ዘንድ ባለቤት ማለት መዝገቡ ላይ ስሙ ያለው ሰው ነው። ማን ከፈለ፣ ሎጎው የማን ነው፣ ገጹ ላይ የማን ፎቶ አለ፣ አይጠይቅም።

አንዲት ሴትዮ ዘጠኝ ዓመት የሠራችበትን ዶሜይን ይዛ መጣች። እጇ ላይ ያለው ማስረጃ የሠሪው ደረሰኝ ብቻ ነበር፤ እሱም ላይ «ዶሜይንና ሆስቲንግ» የሚል አንድ መስመር። የት እንደተገዛ እንኳ አይልም። መፈለጊያው ላይ ስሙ ተሸፍኗል፣ ስለዚህ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የራሷ መስሏት ኖራለች። የማብቂያው ቀን ሊደርስ 19 ቀን ቀርቶታል። ሬጂስትራሩ «የምናወራው ከባለ አካውንቱ ጋር ብቻ ነው» አለ፤ ልክ ነው፣ ባይል ነበር የሚያስፈራው። በመጨረሻ ከደረሰኙ ግርጌ ባገኘነው ኢሜይል ለሠሪው ጻፍንለት። በ15ኛው ቀን መለሰ። ሥራ ቀይሯል፣ ዶሜይኑ እሱ ዘንድ መሆኑንም ረስቶታል። አካውንቱ ውስጥ ገብቶ ለማስተላለፍ አሥር ደቂቃ ፈጀበት። አሥር ደቂቃ!

ከዚህ የባሰውም አለ። የሬጂስትራሩ አካውንት የተከፈተበት ኢሜይል በዚያው ዶሜይን ላይ ያለ ነው። ዶሜይኑ ሌሊት ያበቃል፣ ጠዋት ዌብሳይቱም ኢሜይሉም የለም። ለማደስ መግባት ያስፈልጋል፤ የይለፍ ቃሉ ተረስቷል፤ መቀየሪያው ሊንክ የሚላከው ወደሞተው ኢሜይል ነው። ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን መዝጋት ማለት ይሄ ነው። አንዱን እንዲህ ያለ ጉዳይ በመታወቂያ፣ በንግድ ፈቃድና በተከፈለበት ካርድ የመጨረሻ ቁጥሮች እያስረዳን 11 ቀን ፈጀብን። እባካችሁ፣ የአካውንቱ ኢሜይል ከዶሜይኑ ውጭ ይሁን። ዛሬውኑ። ይህን ጽሑፍ ሳትጨርሱ።

መፍትሄው ሲጀመር ከመፈለጊያው ሁለት ነገር ጻፉ፦ የሬጂስትራሩን ስምና የማብቂያውን ቀን። ከዚያ የድርጅቱን የቆዩ ኢሜይሎች በሙሉ በሬጂስትራሩ ስም ፈልጉ። ሬጂስትራሮች «መረጃህ ትክክል መሆኑን አረጋግጥ» የሚል መልእክት በየዓመቱ ለባለቤቱ የመላክ ግዴታ አለባቸው፤ ማብቂያው ሊደርስ አንድ ወርና አንድ ሳምንት ሲቀረውም ማስታወሻ ይልካሉ። እነዚህ መልእክቶች የገቡበት ሳጥን የማን እንደሆነ ካወቃችሁ ባለቤቱን አገኛችሁት። እኔ ከሁሉም በፊት የማደርገው ይሄንን ነው። አንዴ ከሁለት ዓመት በፊት የለቀቀች የሒሳብ ሠራተኛ ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ አግኝቼዋለሁ።

በስሙ የያዘው ሰው ሲገኝ አትጣሉት። ጥፋት የማን እንደሆነ የምታወሩት ዶሜይኑ እጃችሁ ከገባ በኋላ ነው። ሌላ ሬጂስትራር ጋ ውሰደው ከማለት፣ እዚያው ሬጂስትራር ላይ አካውንት ክፈቱና ወደሱ እንዲያስተላልፈው ጠይቁት፤ ይፈጥናል። ወደ ሌላ ሬጂስትራር ማዛወር የማዛወሪያ ኮድ ይፈልጋል፣ እንዳይዛወር የሚከለክለው ቁልፍ መከፈት አለበት፣ ቀናትም ይወስዳል። በቅርቡ የተመዘገበ ወይም የተዛወረ ከሆነ ብዙ ጊዜ 60 ቀን ይታገዳል። ሲተላለፍም አካውንቱ ብቻ እንዳይሆን፤ የባለቤቱ ስምና «ድርጅት» የሚለው መስመር በድርጅቱ ስም ይስተካከል።

እምቢ ካለ? ሬጂስትራሩ ዳኛ አይደለም። ውልና ደረሰኝ ይዛችሁ ሕግ ዘንድ ትሄዳላችሁ። ውል ከሌላችሁ... እንግዲህ።

«ይለቀው፣ ሲያበቃ እንገዛዋለን» የሚለውን ብልጠት ደግሞ አትሞክሩት። ዶት ኮም ካበቃ በኋላ እስከ 45 ቀን የሚደርስ የእፎይታ ጊዜ አለ፣ ከዚያ ከፍ ባለ ክፍያ ብቻ የሚመለስበት 30 ቀን፣ ከዚያ 5 ቀን መጠበቂያ። መጠበቂያው እስኪጀምር ድረስ ቅድሚያው የድሮው ባለቤት ነው፤ አንዳንድ ሬጂስትራር ገና በእፎይታው ጊዜ ለጨረታ ያወጣዋል። የተለቀቀ ለት ደግሞ አድፍጠው የሚጠብቁ ፕሮግራሞች በሰከንድ ያነሱታል። እናንተ ገጹን ሪፍሬሽ ስታደርጉ እሱ ሄዷል።

ቀሪዎቹ

በፍለጋው ውጤት ላይ «ክላየንት ትራንስፈር ፕሮሂቢትድ» የሚል ካያችሁ አትደንግጡ፣ የስርቆት መከላከያ ቁልፍ ነው፤ እንዲያውም ከሌለ አስደርጉት። «ክላየንት ሆልድ» ግን ዌብሳይቱን ያጠፋል። ክፍያ ካልሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያልተረጋገጠ ኢሜይል ነው፤ ባለቤቱ በ15 ቀን ውስጥ ሊንኩን ካልተጫነ ሬጂስትራሩ ሊያግደው ይችላል።

በኤክስ፣ ኤንና ሁለት ሰረዝ የሚጀምር እንግዳ ስም ከሆነ ከተራው የእንግሊዝኛ ፊደል ውጭ የሆነ ፊደል ያለበት ዶሜይን ነው። እንዲህ ያለውን ስም ወደ ትክክለኛ ፊደሉ የሚመልስ መተርጎሚያ ላይ አስገቡና ምን እንደሚል አንብቡ። ከባንካችሁ ስም ጋር በአንዲት ፊደል ብቻ የሚለይ ከሆነ ባለቤቱን መፈለጉን ተዉት፣ ገጹን ዝጉት።

የዶሜይናችሁ ጊዜ እንዳበቃ የሚገልጽ የክፍያ ደብዳቤ ከማታውቁት ድርጅት ቢመጣ፣ መፈለጊያው ላይ ካለው የሬጂስትራር ስም ጋር አስተያዩት። ካልገጠመ ቅደዱት።