ከዊንዶውስ 11 ወደ 10 መመለስ ለምትፈልጉ
ከ10 ወደ 11 አፕግሬድ አድርጋችሁ ላፕቶፓችሁ ከከበደው ቶሎ ወስኑ፣ መመለሻው ክፍት የሚሆነው ለ10 ቀን ብቻ ነው። ሴቲንግ ገብታችሁ ሲስተም ከዛ ሪከቨሪ ስትሉ ጎ ባክ የሚል አለ፣ እሱን ስትነኩት ፋይላችሁ ሳይጠፋ ይመልሳችኋል፣ ከአፕግሬዱ በኋላ የጫናችሁት ፕሮግራም ግን ይሄዳል። ዲስክ ሞላብኝ ብላችሁ ሲ ድራይቭ (C:) ላይ ያለውን ዊንዶውስ ኦልድ የሚል ፎልደር እንዳታጠፉት፣ አሮጌው ሲስተም ያለው እዛ ውስጥ ነው (እኔ አጥፍቼው ጉድ ሆኛለሁ)። ቀኑ ካለፈ 8 ጊጋ ፍላሽ ላይ ዊንዶውስ 10 አዘጋጅቶ ከዜሮ መጫን ነው፣ ያኔ ፎቶና ዶክመንታችሁን ቀድማችሁ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ገልብጡ፣ የዋይፋይ ድራይቨሩንም (ዋይፋዩን የሚያሠራውን ሶፍትዌር) አውርዳችሁ ያዙ፣ አለበለዚያ ኢንተርኔት የሌለው ላፕቶፕ ታቅፋችሁ ነው የምትቀሩት። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የማይክሮሶፍት ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 እንዳበቃም እወቁት።