ካቶሊክ ቄስና መነኩሲት ከልብሳቸው ማን ማን እንደሆኑ እንዴት እንደምትለዩ፣ ለምን እንደሚለብሱትም

ባለፈው አክስቴ ሮም እኔ ጋ መጥታ ሁለት ሳምንት ከረመች። እሷ ጾሟን ጠባቂ፣ ቤተክርስቲያን ሳትሳለም የማትውል ኦርቶዶክስ ናት። ቫቲካን አካባቢ ስንሄድ አንድ ጥቁር ቀሚስ የለበሰ ጺማም ሰውዬ ከፊት ሲመጣ ነጠላዋን አስተካክላ "አባ መስቀል ያሳልሙኝ" ብላ ጎንበስ አለች። ሰውዬው ጣልያን ነው፣ መስቀልም አልያዘም፣ ግራ ገብቶት ፈገግ አለና እጁን ዘርግቶ ጨበጣት። ከዛ ቀን ጀምሮ እስክትሄድ ድረስ ጥያቄ ብቻ ሆነ፣ "ይሄ ቡኒ የለበሰው ማነው? ገመድ የታጠቀውስ? እነዚህ ሴቶች መነኩሴ ናቸው ካልክ ታዲያ ለምን ሁሉም አንድ አይነት አይለብሱም? ያቺስ ጸጉሯን ለምን ገለጠችው?" እኔም ስመልስላት ብዙ ነገር ራሴም አጣርቼ ነው የነገርኳት፣ እንግዳ ሚመጣባችሁ ወይ ካቶሊክ ት/ቤት ልጅ ያላችሁ ይጠቅማችኋል ብዬ እዚህ ጻፍኩት። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

መጀመሪያ ሁለት ነገር ለዩ። ቅዳሴ ላይ ሚለበሰው ሌላ ነው፣ መንገድ ላይ ሚለበሰው ሌላ ነው። የቅዳሴው ልብስ ቀለሙ ከቀኑ ጋር ይቀያየራል፣ በተራው ጊዜ አረንጓዴ፣ በዓቢይ ጾምና ከገና በፊት ባለው ጾም ሐምራዊ፣ ለገናና ለፋሲካ ነጭ፣ ለሰማዕታትና ለጰራቅሊጦስ ቀይ፣ በዓመት ሁለት እሁድ ብቻ ደሞ ሮዝ ይለበሳል (ሮዝ የለበሰ ቄስ ካያችሁ ተሳስቶ አይደለም)። ከላይ ሚደረበው ሰፊ ልብስ የድሮ ሮማውያን ለጉዞ ሚደርቡት ካባ ነበር። ይሄን ያዙልኝ፣ ምክንያቱም ወደታች ስንሄድ እንደምታዩት አብዛኛው ለኛ እንግዳ ሚመስለን ልብስ ድሮ ተራ ሰው ሚለብሰው ነበር፣ ዓለሙ ልብስ ሲቀይር እነሱ ሳይቀይሩ ቀሩ።

ሁለተኛ፣ ቄስ ማለትና መነኩሴ ማለት አንድ አይደለም፣ ይሄ እኛም ጋ ያለ ነው። ካቶሊክ ውስጥ ለአንድ ጳጳስ ሃገረ ስብከት ሚያገለግል ቄስ አለ፣ አያገባም፣ ለጳጳሱ እታዘዛለሁ ብሎ ቃል ገብቷል፣ ግን የድህነት መሐላ የለበትም፣ የራሱ መኪና ሊኖረው ይችላል። ማኅበር ውስጥ ገብቶ ድህነት፣ ንጽሕና፣ መታዘዝ ብሎ የማለ ደሞ አለ፣ እሱ ቄስ ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፣ ካልሆነ ብራዘር ነው። አዲስ አበባ ቅዱስ ዮሴፍ የተማረ ሰው ብራዘሮቹን ያውቃቸዋል። ሴቶቹ ሁሌም ከሁለተኛው ወገን ናቸው። እንግዲህ የመጀመሪያው ቄስ ሚለብሰው የማዕረግ ልብስ ነው፣ የሁለተኞቹ ግን የመሐላ ልብስ ነው፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንምጣ። አንገት እዩ። ነጭ ኮሌታ፣ ወይ ዙሪያውን የከበበ ወይ ፊት ለፊት ብቻ ብቅ ያለ ትንሽዬ ነጭ ነገር ካለ ቄስ ነው ማለት ነው፣ ግን የማን ቄስ የሚለውን አይነግራችሁም። አንግሊካንም ሉተራንም ይለብሱታል። እኔ አንዴ ለንደን ባቡር ውስጥ ኮሌታ ያደረገች ሴትዮ አጠገቤ ተቀምጣ "ሲስተር" ብዬ ሰላም ስላት ሳቀችና "ቄስ ነኝ" አለችኝ፣ እንዴት እንዳፈርኩ አትጠይቁኝ። እና ህጉ ይሄ ነው፣ ኮሌታ ያደረገች ሴት ካያችሁ የካቶሊክ መነኩሲት አይደለችም፣ የሌላ ቤተ እምነት ቄስ ናት። ደሞ ቤይሩት ያላችሁ፣ ጥቁር ቀሚስ የለበሰ ማሮናዊ ቄስ ከሚስትና ከልጆቹ ጋር ብታዩ አትደንግጡ፣ ማሮናውያን ካቶሊክ ናቸው ግን አግብቶ የሚቀስስ አላቸው።

ከዛ የቁልፉንና የመቀነቱን ቀለም እዩ። ሙሉ ጥቁር ከሆነ ተራ ቄስ ነው። ረጅሙ ቀሚስ ላይ በልማድ 33 ቁልፍ ይደረጋል ይባላል፣ በክርስቶስ ዕድሜ፣ ግን ሁሉም እንደዛ አይሰፋም፣ እኔ ቆሜ አልቆጠርኩም። ቁልፉና ጠርዙ ወደ ቀይ ያለ፣ መቀነቱ ሐምራዊ፣ ራሱ ላይ ሐምራዊ ትንሽዬ ክብ ቆብ ያለው ጳጳስ ነው። ሐምራዊ መቀነት ኖሮት ቆቧ ከሌለች ሞንሲኞር የሚባል የክብር ማዕረግ ያለው ቄስ ሊሆን ይችላል፣ ይሄን ማዕረግ ፖፕ ፍራንቸስኮስ በ2014 ለሃገረ ስብከት ቄሶች ከ65 ዓመት በላይ ካልሆኑ አይሰጥም ብለው ስለገደቡት ወጣት ሞንሲኞር ብዙ አታገኙም። ደማቅ ቀይ ካርዲናል ነው፣ ለእምነቱ ደሙን እስከማፍሰስ ነው ትርጉሙ። ነጭ ደሞ ፖፑ፣ ግን ቶሎ አትሩጡ፣ ሙቀት ባለበት ሃገር ተራ ቄስም ነጭ ቀሚስ ይለብሳል።

ይሄ ቀለም ነገር ጨዋታ አልነበረም። በ1215 ሮም ውስጥ ላተራን ላይ የተደረገው ትልቁ ጉባዔ ካህናት ቀይና አረንጓዴ እንዳይለብሱ ከልክሏል፣ ለምን ቢባል ይለብሱ ስለነበር ነዋ፣ ያኔ ደማቅ ቀለም የሃብታምና የጌታ ልብስ ነው። ከዛ በፊት በ428 ደሞ ፖፕ ሰለስቲኖስ 1ኛ ለደቡብ ፈረንሳይ ጳጳሳት ደብዳቤ ጽፈው ነበር፣ እዛ አንዳንዶቹ የተለየ ልብስ መልበስ ጀምረው ነበርና ከህዝቡ መለየት ያለብን በትምህርትና በአኗኗር እንጂ በልብስ አይደለም ነው ያሏቸው። እኔ ይሄን ሳነብ ገርሞኛል፣ ዛሬ ሰው "ቄሶቹ ልብሳቸውን ተዉ" ብሎ ሚያለቅስበት ነገር መጀመሪያ ላይ "ለምን ለበሳችሁ" የተባለበት ነው።

መነኮሳቱ ጋ ስትመጡ ወገብና እግር ነው ሚታየው። ቡኒ ወይ ግራጫ፣ ገመድ የታጠቀ፣ ነጠላ ጫማ ያደረገ ካያችሁ ፍራንቸስካዊ ነው። ገመዱ ላይ ሦስት ቋጠሮ አለ፣ ድህነት፣ ንጽሕና፣ መታዘዝ። ቀበቶ ያልሆነው ገመድ የድሃ መታጠቂያ ስለነበር ነው። ከነሱ ውስጥ ሾጣጣ ረጅም ቆብ ያላቸውና ብዙ ጊዜ ጺማቸውን ሚያሳድጉት ካፑቺኖች ናቸው፣ ጠዋት ጠዋት ሚጠጣው ካፑቺኖ ስሙን ያገኘው ከነሱ ልብስ ቀለም ነው (አክስቴ ይሄን ስነግራት ሲኒውን አስቀምጣ አየችኝ)። ሃገራችን ውስጥ ሚስዮናዊ የነበሩት ጣልያናዊው አቡነ ማስያስ ካፑቺን ነበሩ፣ ዛሬም አረብ ሃገር ያሉትን የካቶሊክ ቤተክርስቲያኖች በብዛት ሚመሩት ካፑቺኖች ናቸው። ነጭ ቀሚስ ለብሶ ከላይ ጥቁር ካባ ሚደርብ ዶመኒካን ነው። ነጭ ቀሚስ ላይ ከትከሻ ወደፊትና ወደኋላ ሚወርድ ጥቁር ጨርቅ ካለው ሲታዊ ነው፣ እነዚህን መንዲዳ ገዳማቸው የሄደ ሰው ያውቃቸዋል። ያ ሚወርደው ጨርቅ መጀመሪያ ሽርጥ ነገር ነው፣ እርሻና ወጥ ቤት ሲሰሩ ልብስ እንዳይቆሽሽ። ኢየሱሳውያን (ጀስዊቶች) ደሞ የራሳቸው ልብስ ጭራሽ የላቸውም፣ መስራቻቸው ኢግናጥዮስ ባላችሁበት ሃገር ያሉ ጥሩ ካህናት ሚለብሱትን ልበሱ ነው ያላቸው፣ ስለዚ ኢየሱሳዊን በልብሱ አገኛለሁ ብላችሁ አትድከሙ።

ሴቶቹ ላይ ነው ነገሩ ሚጥመው። የቅዱስ ቪንሰንት ማኅበር እህቶችን የድሮ ፎቶ አይታችሁ ከሆነ ራሳቸው ላይ እንደ ወፍ ክንፍ የተዘረጋ፣ በስታርች ድርቅ ያለ ነጭ ነገር ነበር። ሰው ያንን ሲያይ ምን አይነት የመነኩሴ ልብስ ነው ይላል፣ ግን የመነኩሴ አልነበረም! ማኅበሩ በ1633 ፓሪስ ሲመሰረት በዛን ጊዜ ህግ መነኩሲት ከገዳም አጥር አትወጣም፣ ቅዱስ ቪንሰንትና ሉዊዝ ደ ማሪያክ ደሞ ሚፈልጉት በሽተኛ ቤት ድረስ ሄደው ሚያስታምሙ ሴቶችን ነው። ስለዚ መነኩሲት እንዳይባሉ የገጠር ልጃገረድ ልብስ አለበሷቸው፣ ገዳማችሁ የከተማው መንገድ ነው፣ መሸፈኛችሁ ጨዋነታችሁ ነው አሏቸው። ከዛ ገጠሬዎቹ ሌላ መልበስ ሲጀምሩ እህቶቹ ያንኑ ያዙ፣ ጨርቁም እየሰፋ እየሰፋ ሄዶ ክንፍ ሆነ፣ በ1964 ነው በመጨረሻ ያወለቁት። ሰው እንዳይለያቸው የተመረጠ ልብስ ከሩቅ ሚያስለያቸው ሆነ።

ማዘር ትሬዛም ያደረገችው ያንኑ ነው። በ1948 ነሐሴ ላይ የድሮ ማኅበሯን ጥቁር ልብስ አውልቃ ካልካታ ውስጥ ድሃ ሴቶች ሚለብሱትን ርካሽ ነጭ ሳሪ፣ ጠርዙ ላይ ሦስት ሰማያዊ መስመር ያለውን ለበሰች። ሳሪዎቹን ሚሸምኑላቸው ካልካታ አጠገብ ባለ ማዕከል ያሉ የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ናቸው። ከ1973 ጀምሮ አዲስ አበባም ስላሉ ሁላችንም እናውቃቸዋለን። ሌሎቹን ለመለየት ደሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በብዙ ማኅበር ነጭ የራስ መሸፈኛ ያደረገችው ገና በሙከራ ላይ ያለች ኖቪስ ናት፣ መሐላ ስትፈጽም ጥቁር ወይ የማኅበሩን ቀለም ታደርጋለች። ጣቷ ላይ ቀለበት ካለ አግብታ አይደለም፣ የመጨረሻ መሐላዋ ምልክት ነው። ሁሉም ማኅበር ግን እንደዛ አያደርግም።

ታዲያ በህግ ግዴታ ነው ወይ? አዎ ግን ልል ነው። በ1983 የወጣው የካቶሊክ ቤተክርስቲያን ህግ ቀኖና ቁጥር 669 ማኅበርተኞች የማኅበራቸውን ልብስ ይልበሱ ይላል፣ ምክንያቱንም አብሮ ያስቀምጣል፣ ለእግዚአብሔር የመሰጠት ምልክትና የድህነት ምስክር። ቁጥር 284 ደሞ ቄሶች የሃገሩ ጳጳሳት ባወጡት ደንብና በሃገሩ ልማድ መሰረት ተገቢ ልብስ ይልበሱ ይላል። እኛ ቆብ ደፋ፣ ቆብ ደፋች ስንል ልብሱን እያልን መሐላውን ማለታችን እንደሆነው ማለት ነው፣ እኛ ጋ ሲመነኩሱ ጸሎተ ፍትሐት እንደሚደገም አንዳንድ የቤኔዲክቶስ ገዳሞችም መሐላ ሚፈጽመውን መሬት ላይ አስተኝተው የሬሳ ጨርቅ ያለብሱታል። ከዚህ ሁሉ ውጪ ተራ ጥቅም አለው፣ ጠዋት ምን ልልበስ የለም፣ ፋሽን የለም፣ መንገድ ላይ የጨነቀው ሰው አይቶ ያናግራቸዋል፣ እነሱም ለብሰው ያልሆነ ቦታ መግባት ያፍራሉ።

ያወለቁትስ? በ1965 ሁለተኛው የቫቲካን ጉባዔ ልብሱ ቀላል፣ ልከኛ፣ ለጤና የማያስቸግር፣ ለጊዜውና ለስራው የሚሆን ይሁን፣ ያልሆነው ይቀየር አለ። አውልቁ አላለም። አንዳንዱ ማኅበር አሳጠረው፣ በተለይ አሜሪካ ብዙዎቹ መስራቾቻችን የለበሱት የዘመናቸውን ተራ ልብስ ነው እኛም የዘመናችንን እንልበስ ብለው ተዉት። ሁለቱም ወገን አሁንም ይከራከራሉ፣ ለኔ ሁለቱም ከአንድ ታሪክ ነው ሚነሱት፣ ስለዚ ጸጉሯን የገለጠችዋን እህት ገና ሳታውቋት አትፍረዱባት። መልበስ የተከለከሉበትም ጊዜ አለ፣ ቱርክ በ1934 ባወጣችው ህግ የሃይማኖት ልብስ ከቤተ እምነት ውጪ ስትከለክል ያኔ ኢስታንቡል የነበሩት በኋላ ፖፕ ዮሐንስ 23ኛ የሆኑት ሰው በኮትና ሱሪ ይሄዱ ነበር፣ ሜክሲኮም እስከ 1992 ድረስ መንገድ ላይ መልበስን የሚከለክል ህግ ነበራት።

አንድ ማስጠንቀቂያ፣ ልብሱ መታወቂያ አይደለም። ሮም ውስጥ ፓንቴዮን አጠገብ ያሉት ሱቆች ጋ ገብቶ የካርዲናል ቀይ ካልሲ ማንም ይገዛል። ልብሱን ለብሶ ለማሳደጊያ ነው ለምናምን ነው ብሎ ብር ሚጠይቅ ካጋጠማችሁ የየትኛው ማኅበር፣ የየትኛው ሃገረ ስብከት እንደሆነ ጠይቁና ቢሮው ደውላችሁ አጣሩ፣ እውነተኛው አይቀየምም። ቄስ ሌላ ሃገር ሄዶ ሲቀድስ ሚያሳየው ከጳጳሱ ወይ ከአለቃው የተጻፈ ወረቀት አለ፣ ፈረንሳይ በ2023 ይሄንን በስልክ ስካን ሚደረግ ካርድ አድርጋዋለች።

ሃገር ቤት ደሞ ሌላ ነው። አዲስ አበባ፣ አዲግራት፣ እምድብር በግዕዝ ሥርዓት ስለሚቀደስ ካቶሊኩ ቄስ ቅዳሴ ላይ የኛኑ አይነት ልብስ ለብሶ ታገኙታላችሁ፣ ሐዋሳ፣ ሶዶ፣ ነቀምት ስትሄዱ ደሞ የላቲኑ፣ ማለትም የሮማው ሥርዓት ነው። ይሄ ነገር ድሮ ነው የጀመረው፣ በ1839 ትግራይ የገቡት አባ ያዕቆብ የሚባሉት ጣልያናዊው ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ የአውሮፓውን ትተው እንደ ሃበሻ መነኩሴ ለብሰው ነበር ሚዞሩት።

አጠራር፣ ጣልያን ውስጥ የሃገረ ስብከት ቄስን "ዶን" ብላችሁ ስሙን ጨምሩ፣ የማኅበር ቄስ ከሆነ "ፓድሬ"፣ ብራዘሩን "ፍራ"፣ እህቶችን "ሱዎር" ከነስማቸው፣ የቤቱ አለቃ ከሆነች "ማድሬ"። ካላወቃችሁ "ፓድሬ" ማንንም አያስቀይምም። በአማርኛ አባና ሲስተር በቃ፣ ነርሷንም ሲስተር ስለምንል ሆስፒታል ውስጥ ግራ መጋባት አይቀርም። ጳጳሱ አቡነ ነው። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። መስቀል መሳለም ግን የላቲን ቄሶች የእጅ መስቀል ስለማይዙ አይሆንም፣ ምርቃት ከፈለጋችሁ "ቤኔዲትሲዮኔ" በሏቸውና ጎንበስ በሉ፣ እጃቸውን አንስተው በአየር ላይ ያማትቡባችኋል። አክስቴ በመጨረሻው ቀን ገመድ የታጠቀ አንድ ሽማግሌ አስቁማ ቃሏን ሳትስት አለችው፣ ባረካት፣ ከዛ ወደኔ ዞራ "ፍራንቸስካዊ ነው፣ ቋጠሮውን ቆጠርኩት" አለችኝ።