የግንባታ ኦዲት፦ ክፍያው ከሥራው ሲቀድም፣ ውጤቱ ከልክ በላይ ሲያምር

ችግር፦ ሥራው ገና ግማሽ ላይ ነው፤ ክፍያው ግን 70 በመቶ ደርሷል።

ምክንያት፦ መጀመሪያ የሚሠሩት ሥራዎች ነጠላ ዋጋ ሆን ተብሎ ተሰቅሎ፣ ቅድመ ክፍያው ከየሰርተፊኬቱ (በየጊዜው ከሚዘጋጀው የክፍያ ሰነድ) ሳይቀነስ ቀርቶ፣ ወይም አንድ ሥራ ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ከዓይን የሚያመልጠው የመጨረሻው ነው። ቴክኦፍ ሺቱን (የሥራ መጠን የሚለካበትን ቅጽ) ይዛችሁ ቢም (አግዳሚው ተሸካሚ) እና ስላብ (የወለሉ አርማታ) የሚገናኙበትን ተመልከቱ። ቢሙ 30 በ50 ሳ.ሜ፣ ስላቡ 15 ሳ.ሜ ቢሆንና ስላቡ በሙሉ ስፋቱ ተለክቶ ከሆነ፣ ለቢሙ የሚያዘው ቁመት 35 ሳ.ሜ ብቻ ነው። 50 ተብሎ ከተያዘ በ100 ሜትር ቢም 4.5 ሜትር ኩብ አርማታ ሳይሞላ ይከፈላል።

መፍትሄ፦ በትርፍ የተከፈለውን አስልቶ ከሚቀጥለው ሰርተፊኬት መቀነስ። ጊዜያዊ ክፍያ የመጨረሻ ሂሳብ ስላልሆነ በኋላ መታረም ይችላል።

ችግር፦ የቁፋሮ መጠኑ ከዲዛይኑ በሩብ ያህል በልጧል።

ምክንያት፦ የተቆጠረው የገልባጭ ጭነት ነው። አፈር ሲቆፈር ያብጣል፤ ተራ አፈር እንኳ 25 በመቶ ሊጨምር ይችላል።

መፍትሄ፦ ሳይቆፈር በፊት የመሬቱን ከፍታ ተቋራጩና አማካሪው አብረው ለክተው ይፈርሙ። ካለፈ ደግሞ ከመሠረቱ ስፋትና ጥልቀት ወደ ኋላ ማስላት ነው።

ችግር፦ የኪዩብ (ለጥንካሬ ፍተሻ የሚሞላው የአርማታ ናሙና) ውጤቶቹ ሁሉ አልፈዋል፤ ቁጥሮቹም በሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ) 26.1፣ 26.0፣ 26.2 እያሉ ይሄዳሉ።

ምክንያት፦ እውነተኛ አርማታ እንዲህ አይገጥምም፤ በአንድ ሳይት እንኳ በጥቂት ሜጋፓስካል ከፍ ዝቅ ይላል። ወይ ኪዩቡ ተለይቶ በጥንቃቄ ተቦክቷል፣ ወይ ወረቀቱ ተሞልቷል።

መፍትሄ፦ በሽሚት ሀመር (አርማታውን መትቶ በንጥረቱ ጥንካሬውን በሚገምት መሣሪያ) ደካማውን ቦታ ፈልጉ፤ ሀመሩ ግን ቦታ ይጠቁማል እንጂ አይፈርድም። እዚያው ሦስት ኮር (ከተሞላው አርማታ በመሰርሰሪያ የሚወጣ ናሙና) አስወጡ። በአሜሪካው የአርማታ ደንብ ኤሲአይ 318 አማካያቸው ከተፈለገው ጥንካሬ 85 በመቶ፣ እያንዳንዳቸውም 75 በመቶ መድረስ አለባቸው። የውላችሁ ስታንዳርድ ሌላ ከሆነ የራሱን ገደብ ተጠቀሙ።

ችግር፦ ፌሮው በቁጥር ልክ ነው፣ በሚዛን ግን ይጎድላል።

ምክንያት፦ ቀጭን ፌሮ ገብቷል። ዲያሜትሩን በሚ.ሜ ለክታችሁ በራሱ አባዝታችሁ ለ162 ስታካፍሉ የአንድ ሜትር ክብደት በኪሎ ይወጣል። ባለ 12ቱ 0.89 ኪሎ ገደማ ነው፤ 0.77 ከመዘነ በእጃችሁ ያለው ባለ 11.2 ነው።

መፍትሄ፦ ሳይታሰር መዝኖ መመለስ። አርማታ ከተሞላበት ጉዳዩ የስትራክቸር መሐንዲሱ ነው።

ችግር፦ ተቋራጩ ሥራ አቁሟል፤ ዋስትናው ሲታይ ጊዜው አልፏል።

መፍትሄ፦ ከዚህ በኋላ መድኃኒቱ ጠባብ ነው፤ ካልተከፈለ ሂሳብና ከተያዘው ሪቴንሽን (ከየክፍያው ተቀንሶ ከሚያዘው ገንዘብ) ውጭ በቀላሉ የሚጨበጥ የለም። ስለዚህ የቅድመ ክፍያና የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትናዎች እንዲሁም የኢንሹራንሱ ማብቂያ ቀኖች ከክፍያ ሰርተፊኬቱ ጋር አብረው ይታዩ፤ 30 ቀን ሲቀረው የማራዘሚያ ደብዳቤ ይውጣ።