የደጋውን የበጋ ትንበያ ስንሰማ የምንሠራቸው ስህተቶች

ክረምቱ ሲወጣ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን የበጋ ትንበያ ያወጣል። ሬዲዮው ጨምቆ ያነበዋል፣ ፌስቡክ ደግሞ ከዚያ ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ነቅሎ ያዞራል። ትንበያው ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ የሚበላሸው መንዝ፣ ወሎ ደጋ ወይም ስሜን ያለ ሰው ጆሮ ሲደርስ ነው።

አገራዊውን ዜና የራስ ቀዬ ዜና ማድረግ

"ዘንድሮ በጋው ከመደበኛው ይልቅ ደረቅ ይሆናል" ማለት ለቦረና፣ ለጉጂና ለሶማሌ ክልል አርብቶ አደር መርዶ ነው። እነሱ ዘንድ ይህ ጊዜ ሁለተኛው የዝናብ ወቅት ነው፤ ኩሬው የሚሞላውም ሣሩ የሚበቅለውም ያኔ ነው። ለመንዝ ገበሬ ግን ያው ዜና እሰየው የሚያሰኝ ነው፤ ገብሱን በፀሐይ አጭዶ በፀሐይ ይወቃል። ስለዚህ "ጥሩ በጋ ነው" ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ለማን?" የሚለው ነው።

ኤል ኒኖ በተባለ ቁጥር ድርቅ መጠበቅ

ኤል ኒኖ የፓስፊክ ውቅያኖስ ከወትሮው በላይ ሲሞቅ ነው። ድርቅ ማምጣቱ ለክረምቱ እውነት ነው፤ የ2007ቱ ክረምት ያደረሰውን የረሳ የለም። በጋ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኤል ኒኖ ሲኖር፣ በተለይም የህንድ ውቅያኖስ ምዕራባዊ ክፍል ሲሞቅ፣ በጥቅምትና በኅዳር ወደ ምሥራቅ አፍሪካ የሚገባው እርጥበት ይጨምራል። በ2012 ዓ.ም መግቢያ ያየነው የዚህ የህንድ ውቅያኖስ ሙቀት ሥራ ነበር፤ የደረሰ ሰብል ላይ ዘነበ፣ እርጥበቱም ለበረሃ አንበጣው መራባት ተመቸ። የዚያን ዓመት ኤል ኒኖን ብቻ የተከታተለ ሰው ምንም አላየም ነበር።

"ከመደበኛ በላይ" ሲባል መሬት ላይ ምን እንደሆነ አለመጠየቅ

ብዙ ጥፋት የማየው እዚህ ላይ ነው። ትንበያው የሚሰጠው በሦስት መደብ ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ምንም ፍንጭ በሌለበት ጊዜ ለእያንዳንዱ 33 ከመቶ ይደርሰዋል። ለምሳሌ "45 ከመቶ ከመደበኛ በላይ" ከተባለ ሚዛኑ ወደዚያ አዘነበለ ማለት ነው፤ 55 ከመቶው አሁንም ሌላ ነገር የመሆን ዕድል ነው። "ትንበያው ዋሸ" የሚለው ወቀሳ ግማሹ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ነገር ይብሳል። በሰሜኑ ደጋ የበጋ መደበኛ ዝናብ ራሱ ትንሽ ነው። ከትንሽ በላይ ለመሆን የሁለት ቀን ዝናብ ይበቃል፤ ሁለቱ ቀን የወደቀው ግን ነዶው ማሳ ላይ እንደተጋደመ ከሆነ የሚበላሸው የዓመት ልፋት ነው። ትንበያው ወደ እርጥብ ሲያዘነብል ዋናው ሥራ ክምሩ ላይ ነው፤ ከመሬት ከፍ ያለ መደብ፣ ዛላው ወደ ውስጥ፣ አገዳው ወደ ውጭ፣ አናቱ እንደ ጎጆ ክዳን የሾጠጠ። ከዘነበ በኋላ እጅን እስከ ክንድ ክምሩ ውስጥ ማስገባት ነው። ውስጡ ከሞቀ መሻገት ጀምሯል፤ ሳይውል ሳያድር ፈትቶ ማስጣት ያስፈልጋል።

ደረቅ ከሆነ ሰላም ነው ብሎ መተኛት

ደመና የሌለበት፣ ነፋስ የቆመበት የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ያመጣል። መሬቱ ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ይለቃል፣ የሚመልሰው ደመና የለም። የቀዘቀዘው አየር ከባድ ስለሆነ ተዳፋቱን ወርዶ ረባዳው ላይ ይተኛል። ለዚህ ነው ወንዝ ዳር ያለው ባቄላ ተቃጥሎ ከፍ ብሎ ጥጉ ላይ ያለው የሚተርፈው። ጠዋት ነጭ አመዳይ፣ እኩለ ቀን ላይ ደግሞ የፈላ ውኃ የፈሰሰበት የሚመስል ጥቁር ቅጠል።

የሬዲዮው ቁጥርም ያሳስታል። የሙቀት መለኪያው የሚቀመጠው ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ፣ በጥላ ሳጥን ውስጥ ነው። ቅጠሉ ያለበት ከዚያ በጥቂት ዲግሪ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ዝቅተኛው 3 ዲግሪ ነው ሲባል የደብረ ብርሃን አካባቢ ገበሬ ውርጭ ብሎ ይስማው። በመስኖ ድንች ወይም አትክልት ያለው ከሰዓት በኋላ ማሳውን ያጠጣ፤ እርጥብ አፈር ከደረቅ ይልቅ ሙቀት ይይዛል። ጭስ ማጨስ የተለመደ ነው፤ ጭሱ ራሱ ግን ሙቀት የመያዝ አቅሙ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

የከተማውን ቁጥር ይዞ ተራራ መውጣት

ይህ ለጥምቀት ጎንደር ሄደው ወደ ስሜን ለሚዘልቁ ነው። በየ100 ሜትሩ ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ይቀንሳል። ጎንደር 2,200 ሜትር ገደማ፣ ስሜን ተራሮች ላይ ያለው የግጭ ሰፈር ደግሞ 3,600 ገደማ ነው። ስልኩ ለጎንደር ሌሊት 10 ዲግሪ ካለ ግጭ ላይ 2 ገደማ ነው፤ ድንኳኑም ጠዋት አመዳይ ለብሶ ይገኛል። ቀን ፀሐዩ ቆዳ ስለሚልጥ ሰው ይዘናጋል። በደሴ መንገድ በመኪና የሚጓዝ ደግሞ ከደብረ ብርሃን በኋላ ያለውን ጣርማ በርን በጠዋት ጭጋግ ሊያገኘው እንደሚችል ያስብ።

አንዴ ሰምቶ መተው

የወቅቱ ትንበያ የትኛው ቀን እንደሚዘንብ አይናገርም። ዘር ለመምረጥ፣ የጉልበት ሠራተኛ ለመነጋገር፣ ሸራ ለመግዛት ይጠቅማል። አጨዳውን ለየትኛው ሳምንት ማድረግ እንዳለብዎት የሚነግርዎት የአስር ቀኑ ትንበያ ነው፤ ለውቂያ ቀን ደግሞ የዕለቱንና የሦስት ቀኑን ይስሙ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን መጠየቅም ያዋጣል። የበልግ ዘሪዎችም የበጋውን ትንበያ ይዘው ወደ የካቲት አይሻገሩ፤ በልግ የራሱ ትንበያ አለው፣ የሚወጣውም ጥር ሲያልቅ አካባቢ ነው።