ትምህርት አቋርጦ ለመመለስ ያሰበ ተማሪ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጎጃም ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ትምህርቱን የሚያቋርጥ ልጅ ብዙ ጊዜ ሰንፎ አይደለም። አባት ይታመሙና አዝመራውን የሚሰበስብ ይጠፋል። እናት ለሕክምና ባሕር ዳር ትመጣና አስታማሚ ያስፈልጋታል። መንገድ ይዘጋል። ልጁ ራሱ ይታመማል፤ አንዳንዴም መንፈሱ ይደክምና ትንሽ ማረፍ ይፈልጋል። ይህ ሁሉ በሰው ላይ የሚደርስ ነው። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላው ነው። አንድ ዓመት አርፎ መመለስ የሚችል ልጅ፣ አወጣጡን ባለማወቁ ብቻ ስኮላርሺፑን አጥቶ ይቀራል። ፈቃድ ጠይቆ ለወጣ ተማሪ ቦታውን የሚያቆይ ስፖንሰር ብዙ ነው። ሳይናገር ለጠፋ ግን የሚያቆይ የለም ማለት ይቻላል።

ለፋሲካ ብሎ ሄዶ እዚያው መቅረት

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ተማሪው ለበዓል አገር ቤት ይገባል። ቤት ሲደርስ ነገሩ እንዳሰበው አይሆንም። «ሳምንት ልቆይ» ይላል፤ ሳምንቱ ወር ይሆናል። ከዚያ እፍረት ይመጣል። ከዲፓርትመንት ሲደወል ስልክ አያነሳም። ዝም አይነቅዝም የሚባለው እዚህ አይሠራም። ሬጅስትራር የአባታችሁን ሕመም አያውቅም። መዝገቡ የሚያሳየው ተመዝግቦ ፈተና ያልተቀመጠ ተማሪ ነው። በየኮርሱ ኤፍ ሊሞላባችሁ ይችላል፤ አለዚያም «ድሮፕ አውት» ተብላችሁ ትመዘገባላችሁ። ዊዝድሮው (በፈቃድ የማቋረጫ ፎርም) ሞልቶ የወጣና ጠፍቶ የቀረ ተማሪ ሲመለሱ እኩል አይስተናገዱም። ስፖንሰሩ ስለ እናንተ ሲጠይቅ የሚላክለትም ይኸው መዝገብ ነው።

መንገድ ተዘግቶ፣ ኔትወርክ ጠፍቶ መንቀሳቀስ ካልቻላችሁስ? ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ ይህ በአካባቢያችን ብዙ ልጅ ላይ ደርሷል። ያኔም ቢሆን አንድ መልእክት የሚወጣበት ቀዳዳ ፈልጉ። ኔትወርክ ወዳለበት ከተማ በሚሄድ ሰው እጅ አጭር ደብዳቤ ላኩ። ግቢ ውስጥ የቀረ የክፍል ተጠሪ ካለ ለዲፓርትመንት ኃላፊው ይንገርላችሁ። መንገዱ ሲከፈት ደግሞ መውጣት እንዳልቻላችሁ የሚገልጽ ማስረጃ ከቀበሌ ወይም ከወረዳ አጽፋችሁ ሂዱ። ከወራት በኋላ ባዶ እጅ ሄዶ «መንገድ ተዘግቶ ነው» ማለትና ማህተም ያለው ወረቀት ይዞ መቅረብ በጣም ይለያያሉ።

ምክንያቱን «በግል ጉዳይ» ብሎ ማለፍ

የዊዝድሮው ፎርም ላይ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ አለ። ብዙ ተማሪ እዚያ ላይ ሁለት ቃል ጽፎ ይፈርማል። ይገባኛል፤ የቤት ገመናን ለባዳ መንገር ለእኛ ይከብደናል። ግን ፎርሙን የሚያየው ሰው ሊፈርድላችሁ የሚችለው በጻፋችሁት ልክ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ቢጻፍ፦

«አባቴ ከጥቅምት ወር ጀምሮ በሕክምና ላይ ስለሆኑና ሌላ የሚያስታምም ሰው ስለሌለ፣ የ2018 ዓ.ም ሁለተኛ ሴሚስተር ትምህርቴን አቋርጬ በ2019 ዓ.ም ሁለተኛ ሴሚስተር እንድመለስ እንዲፈቀድልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የሆስፒታል ማስረጃ 2 ገጽ አያይዣለሁ።»

ምክንያቱ፣ የሚወጣበት ጊዜ፣ የሚመለስበት ጊዜና ማስረጃው ሁሉም አለ። የምትመለሱበትን ሴሚስተር መጻፍ በተለይ አትርሱ። ያ ካልተጻፈ ስፖንሰሩ ጨርሶ ትታችሁ የሄዳችሁ ሊመስለው ይችላል።

ዩኒቨርሲቲው ከፈቀደ ስፖንሰሩም ፈቅዷል ብሎ ማሰብ

ማርቆስም ተማሩ ባሕር ዳር፣ እንጅባራም ይሁን ከክልሉ ውጭ፣ ፈቃድ የሚጠየቀው ሁለት ቦታ ነው። ሬጅስትራር የሚያቆየው ወንበራችሁን ነው። ገንዘቡን የሚያቆየው ከፋዩ ነው። ስፖንሰሩ የአገር ልጆች ማኅበር፣ የግል ኮሌጅ ወይም በውጭ አገር ያለ ዘመድ ሊሆን ይችላል። ማንም ይሁን፣ ከመውጣታችሁ በፊት ለእሱም ለብቻው መጻፍ አለባችሁ። መጀመሪያ ግን ስትገቡ የፈረማችሁትን ውል አውጥታችሁ አንብቡ። ማቋረጥን የሚመለከት አንቀጽ ካለ እስከ መጨረሻው ገጽ ፈልጉት።

የውጭ ዕድል ያገኙ ልጆች ደግሞ የበለጠ መጠንቀቅ አለባቸው። የቻይና መንግሥት ስኮላርሺፕን እንውሰድ። በከባድ ሕመም ምክንያት አቋርጦ ወደ አገሩ ለሚመለስ ተማሪ፣ ዩኒቨርሲቲው ከፈቀደ ዕድሉ ቢበዛ ለ1 ዓመት ይቆይለታል። የወር አበሉ ግን በዚያ ጊዜ ይቆማል፤ የመጓጓዣውን ወጪም የሚሸፍነው ራሱ ነው። በሌላ ምክንያት ያቋረጠ ተማሪ ዕድሉ አይቆይለትም። እንግዲህ «ቤት ደርሼ ልምጣ» የሚል ልጅ ይህን ሳያውቅ ትኬት ቢቆርጥ ምን እንደሚገጥመው አስቡት።

አሜሪካ በኤፍ 1 (በተማሪ) ቪዛ የሚማር ተማሪም ስኮላርሺፑን ብቻ ሳይሆን ቪዛውንም ማሰብ አለበት። የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ተማሪዎች ቢሮ አስፈቅዶ የሚያቋርጥ ተማሪ ከአገሪቱ ለመውጣት 15 ቀን ይሰጠዋል። ሳያስፈቅድ ያቋረጠ ይህም ጊዜ የለውም። ከ5 ወር በላይ ከቆየ ደግሞ ለመመለስ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አይ 20 (ትምህርት ቤቱ ለቪዛ የሚሰጠው የተማሪነት ማረጋገጫ ቅጽ) ያስፈልገዋል። ስለዚህ ኮርስ ከመጣል በፊት መጀመሪያ እዚያ ቢሮ መግባት ነው።

«አንድ ሴሚስተር ብቻ» ብሎ ማስላት

እኛ አገር አብዛኛው ኮርስ የሚሰጠው በዓመት አንዴ ነው። ሁለተኛውን ሴሚስተር አቋርጣችሁ ከወጣችሁ፣ የተዋችኋቸው ኮርሶች ተመልሰው የሚመጡት በቀጣዩ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ነው። በአፍ «አንድ ሴሚስተር» የተባለው በተግባር ዓመት ይሆናል። ለስፖንሰሩ ስድስት ወር ብላችሁ ጽፋችሁ ዓመት ብትቆዩ ቃላችሁን ያፈረሳችሁ ይመስላል። ስለዚህ ኮርሶቹ መቼ እንደሚሰጡ ዲፓርትመንት ጠይቃችሁ ነው ቀኑን መጻፍ።

ዊዝድሮው የሚሞላበት የመጨረሻ ቀንም አለው። በየዓመቱ በሚወጣው የትምህርት ካላንደር ላይ ይገኛል። ፋይናል ሊደርስ ሲል ተሩጦ አይሆንም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ነገሩ ፋታ የሚሰጥ ከሆነ ደግሞ ሴሚስተሩን ጨርሶ መውጣት ይሻላል። የተለፋበት ውጤት አይባክንም፤ ግሬድ ሪፖርቱም ንጹሕ ይሆናል። ሲጂፒኤው (አጠቃላይ አማካይ ውጤቱ) ከ2.00 በታች ወርዶ የወጣ ተማሪ ሲመለስ ሁለት ችግር ነው የሚጠብቀው፤ የመመለሱም የውጤቱም። ብዙ ስፖንሰሮች ደግሞ ከዚያም ከፍ ያለ ውጤት ይጠይቃሉ።

ወላጆች ይህን የምታነቡ ከሆነ አንድ ልመና አለኝ። ልጃችሁን «ና ድረስልን» ከማለታችሁ በፊት ፈተናው መቼ እንደሆነ ጠይቁት። ሁለት ሳምንት መታገሥ ከተቻለ አንድ ዓመት ይተርፍለታል።

በቃል መተማመን

«ሂድ፣ ችግር የለውም፣ ስትመለስ እናየዋለን» ያለው ኃላፊ ከልቡ ነው። ግን በዓመቱ ስትመጡ ሌላ ሰው ተሹሞ ታገኛላችሁ። ማመልከቻችሁን በሁለት ኮፒ አዘጋጁ። አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ይሁን። የእናንተው ኮፒ ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስደርጉበት። ክሊራንስ ስትጨርሱም እንዲሁ ነው፤ የመጻሕፍት ቤቱ፣ የዶርሙ፣ የካፌው ፊርማ ያለበትን ወረቀት በስልክ ፎቶ አንስታችሁ ለአንድ ዘመድ ላኩት። ስፖንሰሩ በስልክ «እሺ» ካላችሁም፣ «ዛሬ በስልክ እንደተነጋገርነው» ብላችሁ በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ጻፉለት።

ገንዘቡ እስከ መቼ እንደሚቆይ አለመጠየቅ

ብዙ ስኮላርሺፕ የሚቆጠረው በዓመት ነው፤ እስክትመረቁ ድረስ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ በግልጽ ጠይቁ፦ ያረፍኩበት ጊዜ ከአራቱ ዓመት ላይ ይቀነሳል ወይ? የኪስ ገንዘቡ በዕረፍቱ ይቆማል? ስመለስ የክፍያ ጭማሪ ቢኖር ማን ይችለዋል? በዕረፍቱ ወቅት ሌላ ኮሌጅ በርቀት መመዝገብስ ይፈቀዳል? ይህ የመጨረሻው ሳይጠየቅ ተደርጎ ዕድል ሊያሳጣ ይችላል።

መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ደግሞ የወጪ መጋራቱን አትርሱ። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ ያለ አሠራር ነው፤ ስታቋርጡ የተጠቀማችሁበት አይሰረዝም። ስትመለሱ ከታች ካለው ባች ጋር ስለምትቀላቀሉም ካሪኩለሙ ተቀይሮ ተጨማሪ ኮርስ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ከ2015 ዓ.ም ወዲህ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ላይ 50 በመቶ ማምጣት ግድ ስለሆነ፣ ደብተርና ሃንድአውት ለማንም አትስጡ፤ ይዛችሁት ግቡ።

መመለሻ ቀኑን ማሳለፍ

ዊዝድሮው የሞላ ተማሪ በራሱ ጊዜ ዘው ብሎ ክፍል አይገባም። ሪአድሚሽን (እንደገና ለመግባት) ማመልከት አለበት፤ ያም የራሱ ቀን አለው፤ ማስታወቂያው የሚወጣውም ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ነው። ቢቸና ወይም ሞጣ ገጠር ውስጥ ሆኖ የግቢ ማስታወቂያ ሰሌዳ ማየት አይቻልም። አንድ የባች ጓደኛ ኃላፊነት ይውሰድላችሁ። ስልክ ቁጥራችሁን አትቀይሩ፤ ከቀየራችሁም ለስፖንሰሩና ለዲፓርትመንቱ በዚያው ሳምንት አሳውቁ። በመካከል አንድ ሁለት ጊዜ አጭር መልእክት ላኩ፤ «አባቴ እየተሻላቸው ነው፣ በየካቲት እመለሳለሁ» ቢባል ይበቃል። ማመልከቻው ተቀባይነት ሲያገኝ የተሰጣችሁን ደብዳቤ ኮፒ ወዲያው ለስፖንሰሩ ላኩ። የቆመው ክፍያ እንዲቀጥል የሚያደርገው ያ ደብዳቤ ነው።