ባኒ ሆፕ በእግር ነው ሚሰራው፣ በእጅ አይደለም

ባኒ ሆፕ ማለት ሳይክሏ እየሄደች መጀመሪያ ፊተኛውን ቀጥሎ ኋለኛውን ጎማ አንስቶ እንቅፋት መዝለል ነው። ጀማሪ ሁሉ መሪውን በክንዱ ጎትቶ ሊያነሳት ይሞክራል፣ እኔም ሁለት ወር የፈጀብኝ እሱ ነው፣ ፊቷ ትንሽ ብድግ ይልና ኋላዋ መሬት ላይ እንደተጎለተ ይቀራል። ጉልበቱ ያለው እግርና ወገብ ላይ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት ኮርቻውን እስከ መጨረሻ ዝቅ አርጉት፣ ጎማውን ጠንከር አርጋችሁ ንፉት፣ የላላ ከሆነ ስታርፉ ቸርኬው ይመታና ካላማደሪያው ይበሳል። የመሪውን ቡሎን ደሞ እባካችሁ እዩት። እኔ አንዴ ሳላየው ወጥቼ አየር ላይ እያለሁ ጎማው ቀጥ እንዳለ መሪው ብቻ ወደ ግራ ዞረብኝ፣ መዳፌ ተልጦ ሳምንት ሙሉ እንጀራ በግራ እጄ ነው የቆረስኩት። ፊተኛውን ጎማ በጉልበታችሁ መሀል ጨምቃችሁ መሪውን ለማዞር ሞክሩ፣ ከተነቃነቀ አጥብቁት። ጫማ ቆልፎ ሚይዝ ፔዳል ግን ለዚህ አልመክርም፣ ጫማው ራሱ ሳይክሏን ስለሚያነሳላችሁ ዘዴው ሳይገባችሁ ይቀራል።

ቦታው ባዶ አስፋልት ወይ ደረቅ ሳር ይሁን፣ ኮብልስቶን አይሆንም።

አሁን ወደ ስራው። ፍጥነታችሁ እንደ ሶምሶማ፣ ፔዳሎቹ እኩል፣ ቆማችሁ ጉልበትና ክርን አጠፍ። ዝቅ በሉና ከኋላችሁ ዝቅተኛ በርጩማ እንዳለ አርጋችሁ ልትቀመጡበት ወደኋላ ሂዱ፣ ክንዳችሁ ይዘርጋ እንጂ አይጎትት፣ ፊቷ በራሱ ይነሳል። ይሄን ብቻውን ሳምንት ተለማመዱት። ጣታችሁ ከኋላ ፍሬን ላይ አይጥፋ፣ ወደኋላ ልትገለበጡ ስትሉ ነካ ስታረጉት ፊቷ ይወርዳል።

ኋላውን ማንሳት ነው ብዙ ሰው ሚያቅተው። ለብቻው እንዲህ ልመዱት፣ ክረምት ላይ በር ጋ ቆማችሁ የጫማችሁን ጭቃ ወደኋላ እንደምትጠርጉት፣ የእግራችሁን ጣት ወደታች አርጋችሁ ፔዳሉን ወደኋላ እየገፋችሁ ወደላይ ጥረጉት። ተረከዛችሁ ከፍ ካላለ እግራችሁ ይንሸራተትና ፔዳሉ ቅልጥማችሁን ያገኘዋል።

ሁለቱን ስታገናኙ፣ ፊቷ ከፍ ባለበት ቅጽበት ወገባችሁን ወደ መሪው ወርውራችሁ ተነሱ፣ ከዛ ወዲያው መሪውን ወደፊት እየገፋችሁ ጥረጉ። ያ ወደፊት መግፋት ነው ኋላውን ሚያመጣው፣ እሱን ከተዋችሁት ምንም ያህል ብትዘሉ አይመጣም። ስታርፉ ጉልበትና ክርናችሁ ይታጠፍ።

ለእንቅፋት ድንጋይም የእግረኛ መንገድ ጠርዝም አትጠቀሙ፣ ፍርሀት ሰውነታችሁን ያደርቀዋል። ባዶ ሃይላንድ አስተኙ፣ የ2 ሊትሩ ወደ 10 ሴንቲ ከፍታ አለው። ደሞ ይናገራል፣ ፊተኛው ጎማ ካለፈ በኋላ ጧ ካለ ኋላውን አላነሳችሁም ማለት ነው፣ ፊተኛው ራሱ ከጨፈለቀው ዘግይታችኋል። ስልካችሁን መሬት አስደግፋችሁ ቪዲዮውን በስሎው ሞሽን ቅረጹት፣ ወገባችሁ የት እንዳለ እዩ። በቀን 20 ደቂቃ ይበቃል፣ ወገብ ሲደክም እጅ መጎተት ይጀምራል። ሃይላንዱን አስር ግዜ ተከታታይ ድምጽ ሳታሰሙ ካለፋችሁት ቀጥ አርጋችሁ አቁሙትና እሱን መዝለል ጀምሩ።