የኦቾሎኒ ቅቤ ፈጅ ሲቀዘቅዝ እባካችሁ ድስቱን አትነካኩት

ባለፉት ሁለት ሳምንታት ብቻ ፈጅ (fudge፣ በስኳርና በቅቤ የሚሠራ፣ ረግቶ የሚቆረጥ ለስላሳ ጣፋጭ) የሠሩ ሦስት ሰዎች አንድ ዓይነት ፎቶ ላኩልኝ። ፓትራ ላይ የተዘረጋ ቡናማ ነገር፣ ላዩ ደርቆ የተሰነጠቀ፣ ቢላ ሲነካው የሚፈረፈር። ጥያቄውም አንድ ነው። «እንዳልሽኝ ነው የሠራሁት፣ ለምን አሸዋ አሸዋ አለ?» ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ ከማስረዳ እዚህ አንድ በአንድ ልጻፈው። ፈጅ የሚፈልገው ነገር ጥቂት ነው፤ ስኳር፣ ቅቤ፣ ወተት፣ የኦቾሎኒ ቅቤ። የሚበላሽበትም ቦታ ጥቂት ነው። ግን ሁሉም ሰው የሚወድቀው እዚያው ቦታ ላይ ነው።

መጀመሪያ የትኛውን ፈጅ እየሠራችሁ እንደሆነ እወቁ። ቀላል የሚባለው ፈጅ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ የማይፈላው ነው። 225 ግራም የገበታ ቅቤና 250 ግራም የኦቾሎኒ ቅቤ አብረው ይቀልጣሉ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቫኒላ ይጨመራል፣ 450 ግራም ዱቄት ስኳር ይገባበትና ጎኑ 20 ሴንቲ ሜትር በሆነ አራት ማዕዘን ፓትራ ላይ ተዘርግቶ ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆያል። በቃ። ሌላው ስኳርና ወተት አፍልቶ፣ አቀዝቅዞ፣ ከዚያ መትቶ የሚሠራው የድሮው ዓይነት ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው። ችግር የሚመጣው የአንዱን ስኳር ወስዶ በሌላው አሠራር ሲሠሩት ነው።

በማይፈላው ላይ ተራ ስኳር የሚጨምር ሰው ብዙ ነው። «ያው ስኳር አይደል?» ይሉኛል። አይደለም! ተራ ስኳር የሚሟሟው ውሃ ሲያገኝ ነው። የኦቾሎኒ ቅቤ ውስጥ ውሃ የለም ማለት ይቻላል፣ የገበታ ቅቤ ውስጥ ያለውም ትንሽ ነው። ስለዚህ ስኳሩ እንደገባ ቁጭ ይላል፤ ስትበሉት ጥርሳችሁ ሥር ቀጭ ቀጭ ይላል። ዱቄት ስኳር ከሌላችሁ ተራውን በደረቅ ብሌንደር እስኪልም ፍጩትና ንፉት። የተገዛውንም ቢሆን ንፉት፤ ያልተነፋ ዱቄት ስኳር ትንንሽ ነጭ ጓል አለው፣ ጓሉ አንዴ ቅቤ ከለበሰ ደግሞ ምንም ብታማስሉት አይፈርስም።

የኦቾሎኒ ቅቤውን ዕቃ ጀርባ አንብቡ። ኦቾሎኒና ጨው ብቻ የሚል ከሆነ፣ ያ ዘይቱ ላዩ ላይ የሚንሳፈፈው ዓይነት ነው። ዳቦ ላይ እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ለፈጅ ግን ያስቸግራል። ሌላው ዓይነት ዘይቱ እንዳይለይ በቤት ሙቀት የሚረጋ የአትክልት ስብ ተጨምሮበታል፣ ያ ስብ ፈጁንም ያረጋዋል። በመጀመሪያው ዓይነት አንድ ጊዜ ሠርቼ ለእንግዶች አቀረብኩ። ቁራጭ ያነሳችው ልጅ ጣቶቿ በዘይት አብለጨለጩ። ከሥር ያለው ወረቀት ዘይቱን ጠጥቶ ጠጥቶ ማዶውን ያሳይ ነበር። ጣዕሙ ግሩም ነበር፣ ግን በእጅ የሚያዝ ነገር አልነበረም። ያላችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ዘይቱን እስከ ታች ድረስ በደንብ አማስላችሁ መልሱት፣ ፈጁንም እስከሚበላበት ደቂቃ ከፍሪጅ አታውጡት።

ቅቤውንና የኦቾሎኒ ቅቤውን ስታቀልጡ አታፍሉት። መቅለጥ ብቻ ነው የሚፈለገው። በጣም ሲሞቅ ዘይቱን ይተፋል፣ ከዚያ ስኳር ስትጨምሩበት ይጓጉላል። በማይክሮዌቭ ከሆነ ሠላሳ ሠላሳ ሴኮንድ እያደረጋችሁ፣ በየመሃሉ እያማሰላችሁ። ዘይቱን ከተፋ አንድ ማንኪያ የሞቀ ወተት ጠብ አድርጋችሁ በኃይል ምቱት፣ ብዙ ጊዜ ይመለሳል።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። የሚፈላውን ፈጅ የሚያበላሸው፣ እኔ ባየሁት መጠን፣ በአብዛኛው አንድ ነገር ነው፦ ከእሳት ከወረደ በኋላ ቶሎ ማማሰል። 400 ግራም ስኳርና 180 ሚሊ ሊትር ወተት ታፈላላችሁ። 115 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ታወርዱታላችሁ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ የገበታ ቅቤ፣ ቫኒላና 130 ግራም ያህል የኦቾሎኒ ቅቤ ከላይ ታስቀምጡበታላችሁ። ከዚያ ትተውት ትሄዳላችሁ። ትተውት! ማንኪያ አይገባም፣ ድስቱ አይወዘወዝም፣ «ትንሽ ልየው» ተብሎ በጣት አይነካም። እስከ 45 ዲግሪ ድረስ ብቻውን ይቀዘቅዛል። እንደ ድስቱ ውፍረት አንድ ሰዓት ገደማ ሊፈጅ ይችላል። ይፍጅ።

ይህን ስናገር ሁሉም ይስማማል፣ ከዚያ ወጥ ቤት ገብቶ ያማስላል። አንዷ ጓደኛዬ «ቅቤው ላዩ ላይ ቀልጦ ሳየው አላስቻለኝም» አለችኝ። ሌላዋ ቶሎ እንዲቀዘቅዝላት ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አስቀምጣ እያማሰለች ነው ያበረደችው፣ ከዚያ ደውላ «ስኳሩ ጥሩ አይደለም መሰለኝ» አለችኝ። ስኳሩ ምንም አላጠፋም። ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃው በፈላ ቁጥር እየተነነ ይሄዳል፣ የቀረው ውሃ ውስጥ ያለው ስኳር ይበዛል። ሲቀዘቅዝ ደግሞ ውሃው ሊይዘው ከሚችለው በላይ ስኳር ይዞ ይቀመጣል። ያ ስኳር መልሶ ክሪስታል የሚሆንበትን ሰበብ ብቻ ነው የሚጠብቀው። ገና ትኩስ ሳለ ካማሰላችሁት ጥቂት ክሪስታሎች ይፈጠሩና የቀረው ስኳር ሁሉ እነሱ ላይ እየተለጠፈ ያሳድጋቸዋል፤ ያ ነው አሸዋው። እስከ 45 ዲግሪ ታግሳችሁ ከመታችሁት ግን በአንድ ጊዜ ስፍር ቁጥር የሌላቸው ደቃቅ ክሪስታሎች ይፈጠራሉ። በጣም ከመድቀቃቸው የተነሳ ምላስ አያገኛቸውም፤ አፍ ውስጥ እንደ ቅቤ ይቀልጣሉ። ስኳሩ ያው፣ ወተቱ ያው፣ ድስቱ ያው። ልዩነቱ ማንኪያው የገባበት ሰዓት ብቻ ነው።

የዚህ ታናሽ ወንድም የድስቱ ግድግዳ ነው። ሲፈላ የሚፈናጠረው ሽሮፕ ግድግዳው ላይ ይደርቃል። ከዚያ አንድ ፍሬ ስኳር ተመልሶ ከገባ ሌላው ሁሉ በእሱ ላይ ይሰበሰባል። መፍላት እንደጀመረ ለሁለት ደቂቃ ክዳን ግጠሙበት፣ እንፋሎቱ ራሱ ያጥበዋል፤ ወይም በውሃ በራሰ ብሩሽ ጠራርጉት። እኔ ይህን አውቅ ነበር። የማላውቀው ግን መጨረሻ ላይ ፓትራ ላይ ስገለብጥ የማደርገው ነገር ጥፋት መሆኑን ነው። ድስቱን እንጥፍጣፊ ሳላስቀር በማንኪያ እየፋቅኩ ሁሉንም እጨምር ነበር፣ ምግብ መጣል ስለማልወድ። ያ ዳርና ሥሩ ላይ የደረቀው ቅርፊት ነው ለወራት ፈጄን ሲያሻክርብኝ የኖረው። አሁን በራሱ የሚወርደውን ብቻ አወርዳለሁ፣ ቅርፊቱን ድስቱ ውስጥ እንዳለ ለልጆች እሰጣለሁ።

እጃችሁ ገና ካልፈታ ከስኳሩ ጋር አንድ ሾርባ ማንኪያ ግሉኮስ ወይም ኮርን ሲረፕ (ከበቆሎ የሚሠራ ወፍራም ሽሮፕ) ጨምሩ። ክሪስታሎቹ ቶሎ እንዳያድጉ ይከላከላል። ይህን ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ አልስማማም። ጀማሪ አንድ ጊዜ ሲሳካለት ነው የሚወደው።

ምት ደግሞ። 45 ዲግሪ ሲደርስ፣ ማለትም የድስቱን ውጭ በመዳፍ ስትነኩት ሞቅ ብሎ የማያቃጥል ሲሆን፣ በእንጨት ማንኪያ መምታት ትጀምራላችሁ። መጀመሪያ ያብረቀርቃል፣ እንደ ማር ይሳባል። አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። ክንድ ይዝላል። ከዚያ ቀለሙ ፈካ ይላል፣ ማንኪያው ይከብዳል፣ ማንኪያው ያለፈበት መስመር ሳይከደን ይቀራል። ያንን ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ጠብቁ፤ ማብረቅረቁ የሚጠፋበትን ቅጽበት። ያኔ ወዲያውኑ ፓትራ ላይ። ቀድማችሁ ካቆማችሁ ሳይረጋ ያድራል፣ ግማሽ ደቂቃ ካሳለፋችሁ ድስቱ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል። ለዚህ ነው ፓትራው አስቀድሞ ወረቀት ለብሶ አጠገባችሁ መቀመጥ ያለበት። ወረቀቱ በሁለት በኩል ከፓትራው ይትረፍ፣ በኋላ ይዛችሁ ታነሱታላችሁ። ስልክ ቢጠራም አታንሱ።

ቴርሞሜትራችሁን አትመኑት። የኔው ፈላ ውሃ ውስጥ ሳስገባው 96 ብሎ ቆመ፤ ለካ ያን ያህል ጊዜ ስሳሳት የኖርኩት በእሱ ነው። ውሃ አፍሉና ለኩበት፣ ከ100 ምን ያህል እንደጎደለ ያዙ፣ ያንኑ ከ115 ቀንሱ። ይህ ከፍታ ቦታ ላይ ለሚኖር ሰው ደግሞ የግድ ነው፤ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው፣ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። 2,400 ሜትር ላይ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፣ ስለዚህ ፈጁ የሚወርደው 107 አካባቢ ነው። እዚያ ሆናችሁ የመጽሐፉን 115 ከጠበቃችሁ ውሃው ከሚገባው በላይ ይተንና ደረቅ፣ የሚፈረፈር ነገር ታገኛላችሁ። ፎቶ ከላኩልኝ ሦስቱ አንዷ ችግሯ ይኸው ነበር፤ አላማሰለችም፣ አልቸኮለችም፣ ከተማዋ ብቻ ከፍ ያለ ነው።

ቴርሞሜትር ከሌላችሁ በብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ቅዱ። ከሽሮፑ ግማሽ ማንኪያ ጠብ አድርጉበትና በጣት ሰብስቡት። ከተበተነ አልደረሰም። ለስላሳ ኳስ ሆኖ ከውሃው ስታወጡት ጣታችሁ ላይ ቀስ ብሎ ጠፍጠፍ ካለ ደርሷል። ጠንክሮ ቅርጹን ከያዘ አልፏል። እየሞከራችሁ ሳለ ድስቱን ከእሳቱ ላይ አውርዱት እንጂ፤ እናንተ ኳስ ስታድቦለቡሉ እሱ ማለፉን አይተውም። ፈጅ እኮ እ.ኤ.አ. በ1880ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ኮሌጅ ሴት ተማሪዎች በየማደሪያቸው ይሠሩት የነበረ ነገር ነው። በቫሳር ኮሌጅ አንዷ ተማሪ በ1888 ለተመራቂዎች ጨረታ 30 ፓውንድ፣ ወደ 14 ኪሎ የሚጠጋ፣ ሠርታ ነበር። ዕቃ ጎደለኝ ብላችሁ አትተዉት።

ድስቱ ትልቅና ሥሩ ወፍራም ይሁን። ወተት ያለበት ስኳር ሲፈላ ይገነፍላል፣ ከመነሻው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ቦታ ይፈልጋል። ልጆች ደግሞ በዚህ ሰዓት ከምድጃው ይራቁ። ይህ ሽሮፕ ከፈላ ውሃ ይበልጥ ይሞቃል፣ ቆዳ ላይ ሲያርፍም እንደ ውሃ አይወርድም፣ ተጣብቆ ያቃጥላል።

በታሸገ ወተት የሚሠራውን ለምትሞክሩ፦ ኮንደንስድ ሚልክና ኢቫፖሬትድ ሚልክ አንድ አይደሉም። ቆርቆሮው ይመሳሰላል፣ ግን የመጀመሪያው በስኳር የወፈረ ነው፣ ሁለተኛው ስኳር አልተጨመረበትም። በተሳሳተው ከሠራችሁት አይረጋም።

መጠኑን በአንድ ድስት እጥፍ አታድርጉት፣ ሁለቴ ሥሩ። ጨው አትርሱ፣ ቁንጥር ትበቃለች። ሳይረጋ አትቁረጡ። ስትቆርጡ ቢላውን በሙቅ ውሃ ነክራችሁ አድርቁት። ፍሪጅ ውስጥ ሳይከደን ካደረ የሽንኩርት ሽታ ይይዛል፣ ክደኑት።

ለሌላ ሰው ስትሰጡ ኦቾሎኒ እንዳለበት በቃል ንገሩ፣ ወይም ዕቃው ላይ ጻፉበት። ኦቾሎኒ የማይስማማው ሰው በአንድ ቁራሽ ሕይወቱ አደጋ ላይ ሊወድቅ ይችላል። ፈጅ ላዩን አይቶ ምን እንዳለበት ማወቅ አይቻልም፣ ካራሜል ነው ብሎ ሊጎርሰው ይችላል። ይህን ባለመናገር የደነገጥኩበት ቀን አለኝ፤ ሰውየው ከመጉረሱ በፊት ደግነቱ ጠየቀ።

የተበላሸውን ደግሞ አትድፉት። የሚፈላው ዓይነት አሸዋ ከሆነ ቆራርጣችሁ ወደ ድስቱ መልሱት፣ ሩብ ሊትር ያህል ውሃ ጨምሩበት፣ በቀስታ እሳት እያማሰላችሁ ስኳሩ ሙሉ በሙሉ እስኪሟሟ አሙቁት፣ ከዚያ እንደገና እስከ ሙቀቱ አፍሉት። የኦቾሎኒ ቅቤው አሁን ውስጡ ስላለ ሥሩ እንዳይዝ እሳቱን ቀነስ አድርጉ፣ በዚህኛው ዙር ደግሞ እሳት ላይ ሳለ ሥሩን ቀስ እያላችሁ ማማሰል ትችላላችሁ። ከወረደ በኋላ ግን ያው ነው፣ እጃችሁን ሰብስቡ። ያቺ ድስቱን ውሃ ውስጥ ያስቀመጠችው ጓደኛዬ ትናንት ማታ እንዲህ አድርጋ መልሳ ሠርታዋለች። ሲቀዘቅዝ እንዳትነካው ወጥ ቤቱን ዘግታ ወጣች። ዛሬ ጠዋት የላከችልኝ ፎቶ ላይ ቁራጩ ለሁለት ተገምጧል፣ የተገመጠበት ቦታ ላይ የጥርሷ ቅርጽ ልቅም ብሎ ይታያል።